የቮልስዋገን የፊት እግር ያረጁ መጋጠሚያዎች፦ በኮንጋ መንገድ ላይ መቼ እና እንዴት ይለወጣሉ?

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የቀድሞው ቮልስዋገን (ቮልስ) የፊት እግር መጋጠሚያዎች በምን ምክንያት እንደሚያረጁ፣ እርጅናቸው እንዴት እንደሚለካና በምን ቅደም ተከተል እንደሚለወጡ ያብራራል። ማብራሪያው በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋጨፌ ወረዳ፣ በኮንጋ ዓይነት ዳገትና ጭቃ በበዛበት መንገድ ላይ የተመሠረተ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የመጋጠሚያን ዕድሜ የሚወስነው የተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የግሪሱ ንጽሕና ነው፤ የመለወጫው ጊዜም በድምፅ ሳይሆን በልኬት መታወቅ አለበት። በቶርኖ ሊሠራ የሚችለውን ክፍል ፈጽሞ ሊሠራ ከማይገባው መለየት ደግሞ የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የፊት እግር፣ ኪንግ ፒን፣ ቦል ጆይንት፣ ቦኮላ፣ ልልነት፣ ኮንጋ

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አስፋልት ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን እያቋረጠ ያልፋል። ከዚህ አስፋልት ግራና ቀኝ ተገንጥለው ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችና ወደ መንደሮች የሚወጡት መንገዶች ግን በአብዛኛው ኮረኮንች ወይም አፈር ናቸው። ኮንጋም በዚህ መልክዓ ምድር ውስጥ የምትገኝ፣ በቡናዋ ስሟ ከሀገር ውጭ የተሰማ ቀበሌ ናት። ቁልቁለቱ፣ እንሰቱና ቡናው ተያይዘው የሚታዩበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለእርሻ የተስማማው ይህ ተዳፋትና ቀይ አፈር ለመኪና የፊት እግር ግን ከባድ ፈተና ነው።

ለማብራሪያው ቮልስዋገን የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የቮልስ የፊት እግር በታሪኩ ሁለቱንም ዋና ዋና የመጋጠሚያ ዓይነቶች ማሳለፉ ነው፦ እስከ እ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል ድረስ ኪንግ ፒን፣ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ቦል ጆይንት። ስለዚህ የአንዱን መኪና የፊት እግር በሚገባ የተረዳ ተማሪ በዛሬው መንገድ ላይ የሚመላለሱትን አይሱዙም ሆነ ሚኒባስ ለመመርመር መሠረት ይኖረዋል። ሁለተኛው፣ አሮጌ መኪናን ጠግኖ መንዳት በሀገራችን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ ከመኪናው ዕድሜ ጋር እየከበደ የሚሄድ በመሆኑ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥገና ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል።

2. የአሠራሩ መሠረት

መካኒኮቻችን «የፊት እግር» የሚሉት መንኮራኩሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘውን፣ ክብደት የሚሸከመውንና በመሪው የሚዞረውን ክፍል በጠቅላላ ነው። በቮልስ ላይ የዚህ ክፍል ጀርባ አጥንት አንዱ በሌላው በላይ የተጋደሙ ሁለት የብረት ቱቦዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ በአንድነት የታሰሩ ቀጫጭን የብረት ዝርግ ዘንጎች አሉ። ዘንጎቹ መሐላቸው ላይ በቡሎን ስለሚታሰሩ አይዞሩም፤ ጫፎቻቸው ግን ወደ ኋላ ከተዘረጉ ክንዶች ጋር ይያያዛሉ። መንኮራኩሩ ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ፣ ከዚያም ወደ ቦታቸው ሲመለሱ መኪናውን ይሸከማሉ። በሌሎች መኪኖች ባሌስትራ ወይም ሞላ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የብረት መጠምዘዝ ነው።

ይህ አሠራር የመነጨው ከፈርዲናንድ ፖርሽ የዲዛይን ቢሮ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ በአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪኖች ላይም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ብቅ ያለው ፖርሽ 356 የተሰኘው የስፖርት መኪና የፊት እግሩን የወሰደው ከቮልስዋገን ነበር፤ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 1965 ድረስም ኪንግ ፒኑን አልተወም። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ይህን የስፖርት መኪና የሚያድሱ ባለሙያዎችና አንድ የሠፈር ቮልስ የሚጠግን መካኒክ የሚጋፈጡት ችግር በመሠረቱ አንድ ነው።

በእያንዳንዱ ጎን የላይኛውና የታችኛው ክንድ ጫፎች መንኮራኩሩ የሚሽከረከርበትን ክፍል ይይዛሉ። በኪንግ ፒን ዘመን ይህ የሚሆነው በሁለት አግዳሚ ፒኖችና በአንድ ቋሚ ፒን ነው፦ አግዳሚዎቹ የመነሣትና የመውረድ፣ ቋሚው የመዞር እንቅስቃሴን ያስተናግዳሉ። ሁሉም በቦኮላ ውስጥ የሚዞሩ ሲሆን በየጊዜው ግሪስ ይፈልጋሉ። በቦል ጆይንት ዘመን ደግሞ ሁለት ኳሶች የሦስቱን ፒኖች ሥራ ጠቅልለው ያዙ። ኳሱ ግሪሱን በውስጡ እንደያዘ በጎማ ሽፋን ተሸፍኖ ይገጠማል፤ ጥገናው ቀለለ፣ ነገር ግን እርጅናው ከዓይን ተሰወረ።

3. ኮንጋ ላይ ፈጥኖ የሚያረጀው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምክንያት ቁልቁለት ላይ የሚደረግ ፍሬን ነው። ጉዳዩን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በኪንግ ፒኑ ሞዴል በላይኛውና በታችኛው ቱቦ መካከል ያለው ርቀት 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንኮራኩሩ አጋማሽ ቁመት ደግሞ 325 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ መጋጠሚያዎች ከመንኮራኩሩ መሐል እኩል ርቀት ላይ እንዳሉ ብንወስድ፣ በጎማውና በመሬቱ መካከል የሚፈጠረው የፍሬን ኃይል በታችኛው መጋጠሚያ ላይ ወደ 3.2 እጥፍ፣ በላይኛው ላይ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ 2.2 እጥፍ ሆኖ ያርፋል። ማለትም 1000 ኒውተን የሚሆን የፍሬን ኃይል የታችኛውን መጋጠሚያ በ3200 ኒውተን ይጎትተዋል። ርቀቱ ወደ 150 ሚሊ ሜትር በሰፋበት የቦል ጆይንቱ ሞዴል ተመሳሳዩ ስሌት 2.7 እና 1.7 እጥፍ ይሰጣል። በሜዳማ ከተማ አሽከርካሪው ፍሬን የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ በሚወርድ ጠመዝማዛ ላይ ግን ይህ ጫና ረጅም ጊዜ ሳይቋረጥ ይቆያል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ምክንያት ጭቃ ነው። የጌዴኦ ቀይ አፈር እጅግ ደቃቅ ነው። ዝናብ ሲነካው ይላቆጣል፤ ከቦኮላው ጫፍና ከተቀደደ የጎማ ሽፋን ሥር ገብቶም ከግሪሱ ጋር ይዋሐዳል። ግሪሱ ከዚያ በኋላ ማለስለሻነቱ ይቀርና ደቃቅ አሸዋ እንደተለወሰበት መሞረጃ ይሆናል። ብረቱን የሚበላው የብረት ከብረት መፋተግ ብቻ ሳይሆን በመሐላቸው የተቀረቀረው ሦስተኛ አካል ነው። በክረምት መኪናውን በወንዝ ዳር ወይም በውኃ ጄት ማጠብም ሽፋኑ የተጎዳን መጋጠሚያ ከጭቃ ባልተናነሰ ይጎዳዋል፦ ውኃው ግሪሱን ጠርጎ ያወጣና ዝገትን ያስገባል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ግሪስ የሚሰጥበትን ጊዜ በኪሎ ሜትር ይወስናል፤ ይህም የተነጠፈ መንገድን ታሳቢ ያደረገ ነው። በኮንጋ መንገድ ላይ ግን መለኪያው ጭቃው መሆን አለበት። ጭቃ ውስጥ የዋለ የኪንግ ፒን መኪና በዚያው ሳምንት ግሪስ ሊሰጠው ይገባል፤ መሰጠቱ የሚያበቃውም ቆሻሻው ወጥቶ ንጹሕ ግሪስ በቦኮላው ጫፍ ሲታይ ነው። ይህ ሲደረግ የመኪናው ፊት በክሪክ መነሣት አለበት፤ መኪናው በመንኮራኩሩ ላይ እንደቆመ ከሆነ ፒኑ በአንድ ጎኑ ከቦኮላው ጋር ተጣብቆ ስለሚቆይ ግሪሱ ጫና ወደሚበዛበት ገጽ አይደርስም።

4. ልልነትን መለካት

በጋራዥ የተለመደው የምርመራ ዘዴ ጆሮ ነው። ድምፅ ግን አሳሳች ነው። የሾክ አብዞርበር ጎሚኒ ከአንድ የሞተ ቦል ጆይንት የበለጠ ሊንኳኳ ይችላል፤ በጭቃ የተሞላ ቦል ጆይንት ደግሞ እስኪወልቅ ድረስ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይመረጣል።

በመጀመሪያ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ፤ ፊቱ ከተነሣ በኋላ ቱቦዎቹ በጽኑ መቆሚያ ላይ ያርፋሉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ቀጥሎ መንኮራኩሩ ከላይና ከታች ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዛወዛል። ውዝዋዜ ከታየ ረዳት ሰው ፍሬን እንዲይዝ ይደረጋል። ፍሬን ሲያዝ ውዝዋዜው ከጠፋ ጥፋቱ የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የኪንግ ፒኑ፣ የአግዳሚ ፒኖቹ፣ የቦል ጆይንቱ ወይም የክንዱ ነው። ይህ አንድ እርምጃ ብቻ ብዙ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

ልኬቱ የሚያስፈልግበት ምክንያት በሚከተለው ስሌት ይታያል። ሁለቱ መጋጠሚያዎች በ120 ሚሊ ሜትር ተራርቀው አንደኛው 1 ሚሊ ሜትር ልልነት ቢኖረው፣ ዲያሜትሩ 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ የላይና የታች ጠርዞች መካከል የሚታየው አጠቃላይ ልዩነት 5.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልልነት ደግሞ 2.7 ሚሊ ሜትር ያሳያል። እንግዲህ በመጋጠሚያው ላይ በዓይን የማይለየው ነገር በጎማው ጠርዝ ላይ በተራ ማስመሪያ ይነበባል። ዳያል ጌጅ ያለው ጋራዥ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ውጤት ያገኛል፤ የሌለውም መለካት አልቻልኩም ሊል አይችልም።

ከዚያ መንኮራኩሩ በግራና በቀኝ ጠርዙ ተይዞ ይወዛወዛል። በዚህ አቅጣጫ ብቻ የሚታይ ልልነት የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች ወይም የመሪውን ሳጥን ይጠቁማል። የመሪ ዘንግ ጫፍ በእጅ ሲጨበጥ የሚሰማ ማንኛውም ልልነት ለመለወጥ በቂ ምክንያት ነው። በመጨረሻም የጎማ ሽፋኖቹ አንድ በአንድ በእጅ ይዳሰሳሉ። ሽፋኑ የተቀደደ ቦል ጆይንት ልልነት ባይኖረው እንኳ እንደ አረጀ ይቆጠራል፤ ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ ማርጀቱ አይቀርምና።

5. የመለወጡ ቅደም ተከተል

ከመፍታት በፊት መጻፍ ይቀድማል። የመሪ ዘንጎቹ ርዝመት ይለካል። ከላይኛው ቦል ጆይንት ጋር የተገጠመውና የመንኮራኩሩን ዘመምታ የሚያስተካክለው ቀለበት አቀማመጡ ምልክት ይደረግበታል። በኪንግ ፒኑ ሞዴል ደግሞ በየአግዳሚ ፒኑ ግራና ቀኝ ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ቁጥርና ተራ ይመዘገባል። ይህ ሳይደረግ የተፈታ የፊት እግር ሲገጠም ጎማውን በአንድ ጎን መብላቱ አይቀርም።

ጎማውና የፍሬን ታምቡሩ ከወጡ በኋላ የፍሬኑ ክፍል በሽቦ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ በፍሬን ቱቦው ላይ እንዳያርፍ ያስፈልጋል። የመሪ ዘንጉ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢፈታም ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እንዲወጣ ጥርሱን በመዶሻ መምታት የተለመደ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ በመሳቢያ ማውጣት፣ እርሱ ከሌለ ደግሞ የቀዳዳውን ጎን በሁለት መዶሻ ከሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ መምታት ነው፤ ብረቱ ለቅጽበት ሲለጠጥ ሾጣጣው ይለቃል።

የቮልስ ቦል ጆይንት ወደ ክንዱ በኃይል የሚገባ በመሆኑ በሃይድሮሊክ ፕሬስ ይወጣል፣ በፕሬስም ይገባል። ሲገባ በጆይንቱና በክንዱ ላይ ያሉት ምልክቶች መገናኘት አለባቸው። አዲሱ ጆይንት ያለ ፕሬስ በመዶሻ ብቻ የሚገባ ከሆነ የክንዱ ቀዳዳ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ያ ክንድ ራሱ መለወጥ አለበት።

በኪንግ ፒኑ ሞዴል አዲስ ቦኮላ ከተገጠመ በኋላ ውስጡ በሪመር ወደ ፒኑ ልክ ይስተካከላል። የላይኛውና የታችኛው ቦኮላ በአንድ መስመር ላይ እንዲውሉ ሪመሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማለፍ አለበት። የሮንዴላዎቹ አደራደር የሚወሰነው የላይኛው ክንድ ጫፍ ከታችኛው ጫፍ ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ተለክቶ ነው። አግዳሚ ፒኑ ልልነቱ እስኪጠፋ ከተጠበቀ በኋላ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ይላላል፤ ከዚያም ይታሰራል። ጥብቅ አድርጎ መተው መሪውን ያከብዳል፣ ቦኮላውንም ያቃጥላል።

ክንዱ ከቱቦው ከወጣ በቱቦው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ይታያል። ክንዱ በሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚሰማ ቦይ ካለ፣ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክንዱም አብሮ ይለወጣል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ጎሚኒ ያላቸው ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ከጠበቁ ጎሚኒው መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ፈጥኖም ይቀደዳል። የዳዶ መቆለፊያ ሽቦዎች ሁሉ አዲስ ይሆናሉ። ሥራው በዊል አላይመንት ይደመደማል፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሻሉ።

6. ቶርኖ የት ይቁም?

መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ የቶርኖ ባለሙያው የጥገናው ምሰሶ ነው። ቦኮላ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ቡሎንና ቶርኖ የሚሉት ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት በጋራዦቻችን መሠረት መያዛቸውም ይህ ዕውቀት በትምህርት ቤት ሳይሆን በእጅ ሥራ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ያስታውሰናል። ጥያቄው ቶርኖ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ሳይሆን ወሰኑ የት ነው የሚለው ነው። ክፍሎቹን በሦስት መመደብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ምድብ ያለ ስጋት የሚሠራ ነው። የኪንግ ፒን ቦኮላ ከነሐስ ሊቀረጽ ይችላል፤ የግሪሱ ቦይ ካልተዘነጋና ልኩ በትክክል ከተጠበቀ ከተገዛው አይተናነስም። ቦኮላ ሲያረጅ ልልነቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል እንጂ መንኮራኩሩን በአንድ ጊዜ አይለቅም።

ሁለተኛው ምድብ ሁኔታ ያለበት ነው። ኪንግ ፒኑና አግዳሚ ፒኖቹ ውስጣቸው ለዘብ ያለ፣ ላያቸው ግን በሙቀት የጠነከረ ብረት ናቸው። ከተራ ዘንግ የተቀረጸ ፒን በመልኩ ከዋናው አይለይም፤ ነገር ግን በአጭር ጊዜ ይበላል ወይም ይጎብጣል። ቀላሉ መለያ ሞረድ ነው፦ በጠነከረ ፒን ላይ ሞረድ ይንሸራተታል፣ በለስላሳው ላይ ግን ይነክሳል። የማጠንከር ሥራ መሥራት የማይችል ወርክሾፕ ፒን ባይቀርጽ ይሻላል።

ሦስተኛው ምድብ ፈጽሞ የማይነካ ነው፦ ቦል ጆይንት፣ የመሪ ዘንግ ጫፍ፣ መንኮራኩሩ የሚሽከረከርበት ዘንግና የጎበጠ ክንድ። ልልነቱን ለመቀነስ የቦል ጆይንትን ቤት በመዶሻ ማጥበብ፣ ውስጡን በጎማ ቁራጭ መሙላት ወይም አፉን በብየዳ መዝጋት ልልነቱን ለጊዜው ይሰውረዋል እንጂ አያስወግደውም። የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ውስጡ ያለውን ግሪስና መቀመጫም ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ግን የምርመራ ምልክቱን መደምሰሱ ነው፤ ቀጣዩ መካኒክ ሲያወዛውዘው ጤነኛ ይመስለዋል።

ኳሱ ከቤቱ ሲወጣ መንኮራኩሩ በአንድ ወገን ይዞታውን ያጣል፣ ይታጠፋል፤ መሪው ትርጉም አይኖረውም። የፍሬን ቱቦው አብሮ ከተበጠሰ ደግሞ ፍሬናቸው ባለ አንድ መስመር በሆነው የቀድሞ ሞዴሎች ላይ የአራቱም ጎማ ፍሬን ይጠፋል። ይህ በሜዳ ላይ ቢሆን መኪናው ይቆማል፤ ከኮንጋ ቁልቁለት በአንዱ ላይ ቢሆን ግን ከታች ገደልና መንደር አለ።

7. ከቮልስ ባሻገር

በጌዴኦ መንገዶች ላይ ቡናና ሰው የሚያመላልሱት በአብዛኛው ቮልሶች አይደሉም። ትምህርቱ ግን ይሻገራል። የአይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና የፊት አክስል በኪንግ ፒን ላይ ይዞራል፤ ስለዚህ የጭቃውና የግሪሱ ሕግ፣ ፊቱን አንሥቶ ግሪስ የመስጠቱም ሥርዓት ለእርሱ ይሠራል። «ዶልፊን» እና «አባዱላ» የሚባሉት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ደግሞ በሚጠመዘዝ ዘንግ ላይ የቆሙና ቦል ጆይንት ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ የጎማ ሽፋኑ ምርመራና የብየዳው ክልከላ ለእነርሱ ይሠራል። ልዩነቱ ቮልስ አራት ሰው ሲይዝ ሚኒባሱ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ መጫኑ ነው።

8. ማጠቃለያ

ያረጀ የፊት እግርን መለወጥ በመፍቻ የሚጀመር ሥራ አይደለም። በልኬት ይጀመራል፣ በልኬትም ያበቃል። በኮንጋ ዓይነት መንገድ ላይ የመጀመሪያው ጥበቃ ከዝናብ በኋላ የሚሰጥ ንጹሕ ግሪስ ነው፤ ሁለተኛው በማስመሪያም ቢሆን ልልነቱን ለክቶ በደብተር መመዝገብ ነው፤ ሦስተኛው ቦኮላን ለቶርኖ፣ ቦል ጆይንትን ለመለዋወጫ ሱቅ መተው ነው። የጋራዥ ደብተር ቀን፣ የመኪና ዓይነትና በጎማው ጠርዝ የተነበበ ልልነት ብቻ ቢይዝ እንኳ ከጥቂት የዝናብ ወቅቶች በኋላ የዚህን አካባቢ መንገድ የሚመጥን የጥገና ሰሌዳ ለማውጣት የሚያስችል መረጃ ይሆናል። ለተሽከርካሪ ምሕንድስና ተመራማሪዎች ከዚህ የቀረበና ወጪው የቀለለ የመስክ ሥራ ማግኘት ያዳግታል፤ መረጃው የሚገኘውም በየጋራዡ በር ላይ ነው።